ግማሽ ኢንች ቧንቧና የጋሽ እንድሪስ ዓይን

ባለፈው ማክሰኞ ዘሀራ ወደ ብየዳ ቤቴ ስትገባ ከበሩ በስተግራ የቆመውን የቀለም ቆርቆሮ በእግሯ ገጭታ ደፋችው። ቆርቆሮው ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ጊዜውም ጠራራ ፀሐይ ነበር። “አፈር ስሆን ጋሽ ደምሌ፣ አላየሁትም እኮ” ብላ ሳቀች። እኔም “አብሽሪ፣ ልደፋው የነበረ ነው” አልኳትና አሸዋ በተንኩበት። ውሸቴን ነው። ቀለሙን የገዛሁት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ሰውን ላለማሳፈር ብሎ መዋሸት የኛ አገር በሽታ ነው፤ እኔ ደግሞ ከቀንደኞቹ በሽተኞች አንዱ ነኝ።

ዘሀራ የጌታዬ የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት። ጌታዬ የምለው ሙያ ስላስተማሩኝ ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት የጅዳ ኑሮ በኋላ አምና ተመልሳ፣ በወግዲ መውጫ በኩል ምግብ ቤት እየሠራች ነው። የመጣችው የቡታጋዝ መስመር እንድዘረጋላት ነበር። ሲሊንደሩ ከጓሮ ሆኖ ጋዙ በቀጭን ቧንቧ ወደ ምድጃዎቹ እንዲገባ ትፈልጋለች። ዘንድሮ ሰው ሁሉ በጎማ ቱቦ እያስገባ እንደሚገላገል ብነግራት ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ከመሞታቸው በፊት በስልክ፣ አገር ገብተሽ ቤት ከሠራሽ የእሳት ነገር ከደምሌ በቀር ማንም እንዳይነካብሽ ብለዋት ነበር። “ደምሌ የኔ እጅ ነው ይል ነበር፣ አላህ ይርሀመው” አለችኝ። ለሐሙስ ተቀጣጠርን። ስትወጣ ደግሞ የበሩን መቃን በግራ ትከሻዋ ነካችው።

እሷ ከሄደች በኋላ ሥራዬን ትቼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለዚያ ቤተሰብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ከኔ ጋር ይቀበራል ብዬ ነበር። አሁን ግን ካልነገርኳት ዘሀራ እንደ አባቷ ዓይኗን ልታጣ ነው። ብነግራት ደግሞ የአባቷ ሕመም እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ትለኛለች፤ ያኔ ማን እንዳሳወራቸው ታውቃለች።

ወደ መካነ ሰላም የመጣሁበትን ዘመን ልጥቀስ ብል ይምታታብኛል። የሻዩን ዋጋ ግን አልረሳሁትም። አንድ ብርጭቆ ሻይ አስር ሳንቲም፣ ፓስቲ ደግሞ ሁለቱ በስሙኒ ነበር። ፓስቲውን የሚጠብሱት ሴትዮ ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ተቀምጠው፣ የሚወዱት ሰው ሲመጣ ትልቁን ከታች ፈልገው ያወጡለት ነበር። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ አንድ ብቻ ስለነበር ጥሩንባው ሲሰማ ከተማው በሙሉ ሥራውን ያቆማል፤ ክረምት ሲሆንማ ጭቃ ይዞት ሁለት ቀን ያድር ነበርና እንደ ሙሽራ ነው የምንጠብቀው። ከአጠገባችን ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ አንድ የትዝታ ዘፈን ወዶ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ እየመላለሰ ያሰማን ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ተኮልኩለዋል፤ ዘፈናቸውም የሚመላለስ አይደለም፣ ገና ሳይለምዱት ይቀይሩታል።

እኔ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበርኩ። ወግዲ ላይ የአባቴ መሬት ለአምስት ወንድማማቾች ተከፍሎ ለእኔ የደረሰችኝ የበሬ ግንባር የምታክል ነበረች። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ብየዳ ልማር ነው ስል አባቴ “ቀጥቃጭ ልትሆን?” ብለው ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ቂጡ ላይ የተጣፈ የካኪ ሱሪና ጥቁር ኮንጎ ጫማ አድርጌ ነው የጋሽ እንድሪስን በር ያንኳኳሁት። እሳቸው ሽርጥ አገልድመው፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነበር። ሱሪዬን አይተው “ይኼ ሱሪ ከእሳቱ በፊት አልቋል” አሉና የራሳቸውን አሮጌ ቱታ ወረወሩልኝ።

ጋሽ እንድሪስ ሙያውን የተማሩት አሰብ ወርደው ነው። በር፣ መስኮት፣ የጋሪ አክስል የሚበይድ ሰው በየከተማው አይጠፋም ነበር። ጋዝ የሚያልፍበትን ግማሽ ኢንች ቧንቧ የሚበይድ ግን በዚያ አካባቢ ከእሳቸው በቀር አልነበረም። ያላየ ሰው ትንሽ ነገር ቀላል ይመስለዋል። ወፍራም ብረት ታጋሽ ነው፤ እሳቱ ቢበዛበትም ይችላል። ቀጭን ቧንቧ ግን ትንሽ ሲበዛበት ይበሳል፣ ትንሽ ሲያንሰው ላዩ ብቻ ተለጥፎ ውስጡ ሳይያያዝ ይቀራል። ደግሞ ክብ ስለሆነ እጅህ አብሮት መዞር አለበት። ከላይ ያማረልህ ከታች ይንጠባጠባል። ሁለቱ ጫፎች ደግሞ እሳቱን እኩል መካፈል አለባቸው፤ ወደ አንዱ ካጋደልክ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀርና ጋዙ በዚያ በኩል ይተነፍሳል። “እሳቱን እንደ ሁለት ሚስት አስተዳድረው፤ ለአንዷ ካበዛህ ቤትህ አይበጅም” ይሉኝ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ያላቸው አንዲት ሚስት ነበረች፤ እሷንም ይፈሯት ነበር።

አራት ወር ሙሉ ቁርጥራጭ ቧንቧ ብቻ አበየዱኝ። ማታ ማታ የቀኑን ሥራዬን ይፈትኑታል። መጀመሪያ አንዲት ሽምብራ በቧንቧው አፍ ይለቃሉ። ሽምብራዋ በሌላው ጫፍ ከወጣች ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ከቆመች ብረቱ ወደ ውስጥ ተንጠባጥቦ መንገዱን ዘግቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ደፍነው፣ በሌላው በብስክሌት መንፊያ አየር ሞልተው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ከመጋጠሚያው አረፋ ከወጣ እንደገና ነው። ተቆጥተውኝ አያውቁም። በባልዲው ላይ አጎንብሼ አረፋዬን ሳይ፣ “ውሃ ይሉኝታ የለውም፤ ጉድለትህን ፊት ለፊት ይነግርሃል። ከሰው ይልቅ እሱን አድምጥ” ይሉኝ ነበር። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠውን ነጩን ቧንቧ በበየድን ቀን ጭሱ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠናል፤ መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል። የኔ ጾም ሲሆን ግን ጋሽ እንድሪስ ሳልጠይቃቸው ተልባ ያስመቱልኝ ነበር። ዛሬም ተልባ ስጠጣ ያ ቤት ይታየኛል፤ እወዳቸው ነበር፣ እንደ አባቴ።

በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ሽምብራዬ አለፈች፣ ባልዲውም ዝም አለ። ጋሽ እንድሪስ ቧንቧውን ወደ ብርሃን አቅንተው በአንድ ዓይናቸው በውስጡ አዩ፣ ከዚያም ለካሴት ቤቱ ሰው፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለፓስቲዋ ሴትዮ እየወሰዱ አሳዩ። ሴትዮዋ ከቧንቧው ምን እንዳዩ እንጃ፣ ግን “ማሻአላህ” ብለው ትልቁን ፓስቲ አወጡልኝ።

ከዚያ በኋላ የመንገድ ሥራ ካምፕ ከተማችን አጠገብ ሰፈረ። የካምፑን ወጥ ቤትና የመታጠቢያውን የጋዝ መስመር የመዘርጋት ሥራ ለኛ ተሰጠን። ጋሽ እንድሪስ ይበይዳሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ አስተካክላለሁ፤ ሲያልቅ ደግሞ መጋጠሚያውን የምፈትነው እኔ ነኝ። የሳሙና ዱቄት ውድ ስለነበር እንዶድ ወቅጠን በአረፋው ነው የምንቀባው። ቧንቧውን በመንፊያ አየር እንሞላዋለን፤ አየሩ ከወጣ አረፋው ይነፋል። አንድ ቀን እሳቸው ቀትር ላይ ለዙሁር ሶላት ሲሄዱ የበየዱትን ቀባሁ። ከመጋጠሚያው ሥር አረፋው የምስር ፍሬ አክሎ ተነፋ። አጎንብሼ ባየው ብረቱ የፈሰሰው ከመጋጠሚያው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት የጀማሪ ነው። የጋሽ እንድሪስ እጅ ሊሠራው የማይችለው ስህተት ነበር።

ምን ላድርግ? ሲመለሱ፣ ጋሽ እንድሪስ ተንፍሷል ልበላቸው? ራሴን ጠየቅኩ። ትናንት ቱታ ያለበሱኝን፣ ባለቤቴ ስትወልድ ቅቤና ሙክት ይዘው ወግዲ ድረስ የመጡትን ሰው፣ በራሳቸው ሙያ ተሳስተዋል ልበል? የበላበትን ወጪት ሰባሪ መሆን መሰለኝ። ሳይመለሱ እሳቱን ለኮስኩና መጋጠሚያውን ከፍቼ እንደገና በየድኩት። ሲመጡ “እንዴት ነው?” አሉኝ። “ጥሩ ነው” አልኳቸው። በጄም ያለው ነገር ጥሩ ነበር፤ ስለዚህ መዋሸቴም አልመሰለኝም።

ይኼ የአንድ ቀን ነገር መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን ሁለት መጋጠሚያ ተነፈሰ፣ በወሩ ስንቱ እንደሆነ አላስታውስም። የሶላት ሰዓት የኔ የጥገና ሰዓት ሆነ። እሳቸው ሲሰግዱ እኔ የሳቸውን ስህተት ሳርም ሁለት ዓመት ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ደስም ይለኝ ነበር። ውለታ የምመልስ፣ ገመና የምሸፍን ደግ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። በዚያው ልክ ሌላውን ሁሉ ሳላይ ቀረሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ ማለት ይሻላል። ከጎናቸው የተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ይገባሉ። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳሉ። በገበያ ቀን ከጎን የሚመጣ ሰው ሰላምታ ሲሰጣቸው አያዩትም፤ ሰውየው ኩራት ይመስለዋል። መነጽሩ አርጅቶ ነው ይላሉ፣ እኔም አዲስ መነጽር ገዛሁላቸው። አንዳንዴ አመሻሽ ላይ እጃቸውን ዘርግተው እያገላበጡ ያዩና “አልሐምዱሊላህ፣ እጄ አላረጀም” ይላሉ። እኔም “አላረጀም” እላለሁ።

አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ እህል የጫነ ጋሪ ከጎናቸው መጥቶ ጣላቸው። ባለጋሪው እየጮኸ ነበር፣ ሰው ሁሉ አይቶታል። ባለቤታቸው ግድ ብላኝ ደሴ ይዣቸው ሄድኩ። በአቀስታ፣ በጉጉፍቱ ብርድ፣ ሙሉ ቀን ተጉዘን ነው የደረስነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ በትንሽ መብራት ዓይናቸውን ለረጅም ጊዜ ከመረመረ በኋላ በዚህ ዓይን እንዴት ይሠሩ እንደነበር ጠየቃቸው።

“እጄ ከድቶኝ አያውቅም” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “እስከ ትናንት ድረስ አንድም መጋጠሚያ አልተነፈሰብኝም። ይኸው ደምሌን ጠይቀው፣ የሚፈትነው እሱ ነው።”

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። “እውነታቸውን ነው” አልኩት።

ሐኪሙ በሽታው የዓይን ግፊት እንደሚባል፣ እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሀል እንደሚመጣ፣ የሄደው እንደማይመለስ ነገራቸው። በጊዜ የደረሰበት ሰው በጠብታ የቀረውን ይዞ ይቆያል፤ የሳቸው ግን የቀረው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። “ሌላው ሰው ሳይታወቀው ይቀራል” አላቸው። “እርስዎ ግን ጥቃቅን ሥራ የሚሠሩ ሰው ነዎት። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራዎ ሊነግርዎ ይገባ ነበር።” ሥራቸውማ ሲነግራቸው ነበር፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልንወጣ ስንል ደግሞ በዘር ስለሚወርድ ልጆቻቸው ሲያድጉ ይታዩ አለ። ዘሀራ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ስንመለስ ለእናቷ ነገርኳት፣ እሷም እሺ አለች፣ ከዚያ የኑሮው ነገር ሲመጣ ተረሳ።

ጋሽ እንድሪስ በሦስተኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ ጨለመባቸው። በየቀኑ ግን በልጃቸው እየተመሩ ወደ ሥራ ቤቱ ይመጡና ከእኔ ጎን ይቀመጡ ነበር። እሳቱን በጆሮ ያውቁታል። ኦክስጅኑ ሲበዛ ድምፁ ይለወጣል፤ “አለዝበው፣ እየጮኸ ነው” ይሉኛል፣ እኔም አለዝበዋለሁ። ከምንጊዜውም በላይ የተማርኩት ያኔ ነው፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። የማገኘውን አካፍላቸው ነበር፣ ግን ለሁለት ቤት አልበቃም። ዘሀራ ትምህርቷን ትታ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጅዳ ሄደች። አውቶቡስ ላይ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ ከሷ የሚበልጥ ኮት ለብሳ ነበር፤ ያኔ አውቶቡሱ በርክቷል፤ አባቷ እጃቸውን የሚያውለበልቡት ወደ ሌላ አውቶቡስ ነበር፣ ማንም አላረማቸውም። እሷ ከዚያ በምትልከው ነው እናት አባቷ የኖሩት። ጋሽ እንድሪስ ሲሞቱ በሰደቃው ላይ ሰዉ ሁሉ የኔን ደግነት አነሳ። ደምሌ ከልጅ በላይ ልጅ ሆነላቸው ተባለ። ሩዙን ትቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ዘሀራ ቤት ሄጄ መስመሩን ዘረጋሁ። ስድስት መጋጠሚያ ነበር። እጄ ዛሬም ደህና ነው፤ ብቻ ጉልበቴ ተንበርክኮ መነሳት ይከብደዋል። አራተኛውን ስጨርስ ሻይ ይዛልኝ መጣች፤ ሰሃኑን ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ በግማሽ አሳርፋ ለቀቀችው። ብርጭቆው ወደቀ። መብራቱ ነው አለች፤ ጅዳ ሌት ተቀን አምፖል ሥር ስትሠራ ዓይኗን አደከመባት። አባቷ መነጽሩ ነው እንዳሉት ማለት ነው። እሳቱን አጠፋሁና ቁጭ በይ አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የካምፑን ቧንቧ፣ የሶላቱን ሰዓት፣ ደሴ ላይ ያልኩትን፣ ሐኪሙም በዘር ይወርዳል ማለቱን። የተሰበረውን ብርጭቆ እያነሳች ነበር፣ መሀል ላይ መልቀሙን ተወችው።

“እማዬ ታውቅ ነበር?” አለችኝ።

“የሸፈንኩትን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።”

“እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የሰው ቤት የገባሁት አባቴ ስላላየ ነው። ይኼን ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያሳፈርኩሽ።” ከዚያ የማይቀረውን ይቅርታ ለመንኳት። “አውፍ በዪኝ፣ ዘሀራ።”

የተወችውን ስብርባሪ እንደገና መልቀም ጀመረች። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ሠራተኞቿ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ይመታሉ። በመጨረሻ “አሁን አልችልም” አለች። “ሥራዎን ጨርሰው ይሂዱ።” የቀሩትን ሁለት መጋጠሚያዎች በየድኩ፣ ሁሉንም በሳሙና አረፋ ፈተንኩ። ከመውጣቴ በፊት እኔን ይቅር ባትይ እንኳ ለዓይንሽ ብለሽ ደሴ እንሂድ፣ ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቦታ እይዛለሁ አልኳት። እሷ ግን የሥራዬን ሂሳብ በሠራተኛዋ እጅ ላከችልኝ። ያን ያህል የከበደኝ ብር ተቀብዬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ሁለት ትኬት ይዤ ቆምኩ። ረዳቱ እየተጣራ ነው፣ ሰዉ ሞልቷል፣ ሽማግሌ ነኝ ብዬ ትንሽ ጠብቁኝ እላለሁ። ሊነሳ ሲል መጣች። እኔን ሳታይ አልፋ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ከኋላ ገባሁ። እስከ አቀስታ ድረስ የማየው ሻሿን ብቻ ነበር። ከሐኪሙ የሚሰማው ምን ይሆን እያልኩ፣ ገና ነው፣ በጊዜ ደርሰሻል እንዲላት በልቤ እጸልይ ነበር። አቀስታ ላይ ለቁርስ ወርደን ስንመለስ ዘሀራ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

“ከኔ ጋር ይቀመጡ” አለችኝ። “በግራዬ በኩል ይሁኑ ጋሽ ደምሌ፤ በዚያ በኩል አይታየኝም።”

ሄጄ በግራዋ ተቀመጥኩ።